የክር ማዞሪያ ለቤት ስትመርጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሹራብ፣ ኪሮሽ ወይም ሽመና የሚሠራ ሰው አንድ ቀን በዘለላ የሚሸጥ ክር መግዛቱ አይቀርም። ዘለላ የምንለው፣ ክሩ ትልቅ ቀለበት ሆኖ ከተጠቀለለ በኋላ ተጠማዝዞ አንዱ ጫፉ በሌላው ውስጥ ገብቶ የሚሸጠውን ነው። ሲያዩት ያምራል። ግን እንዳለ አይሠራበትም። ፈትታችሁ ከጫፉ መሳብ ከጀመራችሁ ወዲያው ይወሳሰባል፣ ከዚያ በኋላ መፍታቱ የማይወጡት ሥራ ነው። ማዞሪያ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ሊገዙ ሲያስቡ፣ ገዝተውም ሲቸገሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ማዞሪያ ምንድን ነው የሚሠራው?

ዘለላውን ዘርግቶ ይይዝና ክሩን ስትስቡት ይዞራል። በቃ። ሞተር የለውም፣ የሚዘወር እጀታም የለውም፤ የሚያዞረው የክሩ መሳብ ብቻ ነው። ሻጮች «ስዊፍት» ይሉታል፣ ስትፈልጉ በዚህ ስም ብትፈልጉት ቶሎ ታገኙታላችሁ።

ክሩን ጠቅልሎ ልቃቂት የሚያደርገው ሌላ ዕቃ ነው። እሱን እዚህ ማጠንጠኛ እንለዋለን። እጀታ አለው፣ ስትዘውሩት ክሩን ሲሊንደር በሚመስል እምብርት ላይ እያመሳቀለ ይጠቀልላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ ይምታታሉ። አንዱ ክር ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል።

ክሩ ለምን መጀመሪያውኑ ተጠንጥኖ አይሸጥም?

አንደኛው ምክንያት ቀለም ነው። በእጅ የሚነከር ክር በላላ ቀለበት መልክ ካልተነከረ ቀለሙ ውስጥ ድረስ እኩል አይገባም። ሁለተኛው ደግሞ ዘለላ ክሩን ሳይወጥረው ማቆየቱ ነው። ጠብቆ ተጠንጥኖ ለብዙ ወራት የተቀመጠ የሱፍ ክር ተፈጥሯዊ መለጠጡን እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ የገዛችሁትን ሁሉ በአንድ ቀን አጠንጥናችሁ አታስቀምጡ። ሥራ ልትጀምሩበት ያላችሁትን ብቻ አጠንጥኑ።

እውነት ያስፈልገኛል? በወንበር ጀርባ አይሆንም?

ይሆናል። ዘለላውን በወንበር መደገፊያ ላይ ማጥለቅ ይቻላል፣ ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ ማራቅም ይቻላል፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊይዝላችሁም ይችላል። ችግሩ ወንበር አይዞርም። እናንተ ናችሁ የምትዞሩት፣ ወይም በእያንዳንዱ ዙር ክሩን አንስታችሁ የምታሳልፉት። ይኼ ወፍራም ክር ላይ ብዙም አያስቸግርም፤ 100 ግራም መካከለኛ ወፍራም ክር 200 ሜትር ገደማ ነው። ለካልሲ የሚሆን ቀጭን ክር ላይ ግን ያው 100 ግራም 400 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዳንቴል የሚሠራበት ክርማ 800 ሜትር ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አስቡት። የዘለላው ዙሪያ 1.5 ሜትር ቢሆን፣ 400 ሜትር ለመጨረስ 267 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ያን ሁሉ ጊዜ በእጅ ከወንበር ላይ ማንሳት የሚወድ ሰው ካለ አልቃወምም። በዓመት ሁለት ወፍራም ዘለላ ለሚገዛ ሰው ማዞሪያ ትርፍ ዕቃ ነው። ቀጭን ክር ለሚወድ ግን ከማናቸውም መሣሪያ በፊት ቢገዛው ይሻለዋል።

ስንት ዓይነት አለ? ልዩነታቸውስ?

ቤት ውስጥ የምታገኙት በብዛት ሦስት ዓይነት ነው።

ጃንጥላው በጣም የተለመደው ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘንግ አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ እየተመሳቀሉ የተያያዙ ቀጫጭን ክንፎች። ዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ቀለበት ወደ ላይ ስትገፉት ክንፎቹ ይከፈታሉ፤ የፈለጋችሁት መጠን ላይ ሲደርስ በአንዲት ብሎን ታጠብቁታላችሁ። ታችኛው ጫፍ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በሞርሳ ይታሰራል። የሚወደድበት ምክንያት ደረጃ ስለሌለው ነው። ዘለላው 143 ሳንቲሜትር ይሁን 161፣ እስኪሞላው ድረስ ትከፍቱታላችሁ። ሲታጠፍ ቀጭን ስለሚሆን ቁም ሣጥን ጥግ ላይ ይቆማል። የሚጠላበት ምክንያት ደግሞ መገጣጠሚያው ብዙ ነው። ክንፎቹ በተያያዙበት ሁሉ ሊላላ ወይም ሊሰበር የሚችል ነገር አለ።

ሁለተኛው ጠፍጣፋው ነው፣ «ኤሚሽ» በሚል ስም ይሸጣል። ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ እንጨቶች በመስቀል ቅርጽ ተጋድመው መሃላቸው ላይ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ በረድፍ ቀዳዳዎች አሉ። አራት ችካሎችን ዘለላው በሚፈልገው ቀዳዳ ውስጥ ትሰካላችሁ። ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ይቀመጣል፣ ማሰር አያስፈልገውም። ነገሩ ቀላል ስለሆነ የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ግን ቦታ ይፈጃል። በደረጃ ስለሚስተካከል ዘለላው አንዳንዴ ትንሽ ይላላል። መቀመጫው ቀላል ከሆነ ደግሞ ክሩ ያዝ ሲያደርገው ይንሸራተታል። ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ወይም እርጥብ ፎጣ ማድረግ ይረዳል።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ከበሮው ነው፤ «ስኩዊረል ኬጅ» ይሉታል። አንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ከበሮዎች አሉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ዘለላው ሁለቱ ላይ እንደ ቺንጋ ይጠልቃል። በከበሮዎቹ መካከል ያለውን ርቀት በማስፋት ይወጠራል። ክሩን በጣም በእርጋታ ይለቃል፣ ትልቅና ከባድ ዘለላም አያስጨንቀውም። ነገር ግን ግዙፍ ነው። አብዛኛው መሬት ላይ የሚቆም ስለሆነ ራሱን የቻለ ቦታ ይፈልጋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአብዛኛው ሰው ጃንጥላው ይበቃል። ጠረጴዛችሁ ሞርሳ የማይቀበል ከሆነ ወደ ጠፍጣፋው ሂዱ። ባለ ከበሮውን ራሳቸው ለሚፈትሉና ብዙ ለሚሸምኑ ሰዎች እተወዋለሁ። ሌላው ሰው ቢገዛው አይከፋም፣ ቦታው ካለው።

ከመግዛቴ በፊት ምን ልለካ?

ሁለት ነገር፦ ዘለላችሁንና ጠረጴዛችሁን።

ከዘለላው እንጀምር። ፈትታችሁ ቀለበቱን ዘርጉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩና በሁለት አባዙት። ያ ዙሪያው ነው። አብዛኛው በ140 እና በ180 ሳንቲሜትር መካከል ይሆናል። ሻጩ ማዞሪያው እስከ ስንት እንደሚከፈት ይጽፋል፤ 180 የማይሞላ ከሆነ እለፉት። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። አንዳንዱ የሚጽፈው ዙሪያውን ሳይሆን ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን ያለውን ስፋት ነው። ዙሪያው 180 የሆነ ዘለላ ክብ ሆኖ ሲከፈት ስፋቱ 57 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ «60 ሳንቲሜትር» የሚል ስታዩ ጠባብ ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ስለ የትኛው እንደሚያወራ ጠይቁ።

ያው 57 ሳንቲሜትር ለቦታም ይጠቅማችኋል። ማዞሪያው ከታሰረበት ነጥብ በሁሉም አቅጣጫ ወደ 30 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ ሥር የተጠጋ ጠረጴዛ፣ የመብራት ዘንግ፣ የወንበር መደገፊያ፣ ሁሉም ክንፉን ይመቱታል።

ጠረጴዛዬ ላይ አልታሰር ቢለኝስ?

ይኼ ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፤ ሰው ስለ እንጨቱ ውበት ሲጨነቅ ስለ ሞርሳው ይረሳል። ሦስት ነገር እዩ። የገበታው ውፍረት ከሞርሳው አፍ ያነሰ መሆን አለበት። ከገበታው ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚዞር ሳንቃ ካለ የሞርሳው መንጋጋ መያዣ ያጣል። ጠርዙ የተሞረደ ወይም ክብ ከሆነ ደግሞ የታሰረ ይመስልና መሃል ላይ ያዘነብላል።

የመስታወት ጠረጴዛ ላይ በጭራሽ አትሰሩት። ጥሩ እንጨት ከሆነ በሞርሳውና በገበታው መካከል ቁራጭ ካርቶን ወይም ጨርቅ አስገቡ፣ አለዚያ ምልክት ይተዋል። ጠረጴዛው እምቢ ካለ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የልብስ መተኮሻ ጣውላ፣ ወይም የወንበር መቀመጫ ጠርዝ ይሞከራል። መተኮሻ ጣውላው ቀላል ስለሆነ ስትስቡ ይወዛወዛል፤ በዝግታ ከሆነ ግን ይሠራል።

እንጨት ይሻላል ወይስ ብረትና ፕላስቲክ?

እንጨት ይበልጥ ይረጋል፣ ሲበላሽም ይጠገናል። በርካታ የእንጨት ጃንጥላዎች ክንፎቻቸው የሚያያዙት በክር ወይም በቀጭን ሽቦ ነው፤ ሲበጠስ ራሳችሁ ታስሩታላችሁ። እንጨቱ ግን በደንብ ካልተላገ እሾህ ያወጣል፣ እሾህ ደግሞ ሞሄርን (ከፍየል ፀጉር የሚሠራ ፀጉራም ክር) እና ሐርን ይይዛል።

የብረት ክንፍ ያለው ለስላሳ ነው፣ ክር አይይዝም። ደካማ ጎኑ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲኩ ላይ ነው፦ መገጣጠሚያው፣ የሞርሳው መጠምዘዣ፣ ዘንጉን የምታጠብቀዋ ብሎን። ብሎኗ መያዝ ስታቆም ማዞሪያው እየሠራችሁ ቀስ እያለ ይታጠፋል፣ ዘለላው ወደ ታች ይንሸራተታል። ከእንጨት ወይስ ከብረት ከሚለው ይልቅ «ይቺ ብሎን ከምን ተሠራች?» ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዋጣል።

እጄ ላይ ሲደርስ እንዴት ልፈትሸው?

መጀመሪያ ባዶውን አዙሩት። በአንድ ጣት ነካ አድርጉትና ተመልከቱ። ያለ ጩኸት ጥቂት ዙር ሄዶ መቆም አለበት። ደጋግማችሁ ስታዞሩት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ወይ ዘንጉ ዘንበል ብሏል ወይ አንድ ጎኑ ይከብዳል። መጀመሪያ ሞርሳውን አስተካክሉ፣ ካልተለወጠ የዕቃው ችግር ነው።

ቀጥሎ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ እጃችሁ ላይ አጥልቁና ክሩ የሚያርፍበትን ሁሉ ዳብሱት። ጣታችሁ የማይሰማውን እሾህ ስቶኪንጉ ያገኘዋል። በያዘበት ቦታ ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹበት፣ ከዚያ ትንሽ ሰም ቀቡት።

በመጨረሻ ከፍታችሁ አጥብቁትና ክንፎቹን ከላይ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉ። ቀለበቱ ከተንሸራተተ መልሱት።

ዘለላውን እንዴት ነው የምጭነው?

ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በዚህ ላይ የሚጠፋው አምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ሰዓት ያተርፋል።

ዘለላውን ከተጠማዘዘበት ፍቱት። ሁለቱን እጆቻችሁን ቀለበቱ ውስጥ አስገብታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ሳብ ሳብ አድርጉት፤ ክሮቹ እርስ በርስ ይስተካከላሉ። በሁለት፣ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ላይ በትናንሽ ክሮች እንደታሰረ ታያላችሁ። እነዚህን አሁን አትቁረጡ! እነሱ ናቸው ክሩን በሥርዓት የያዙት።

ማዞሪያውን አጥፋችሁ ዘለላውን ከላይ አጥልቁት። ማሰሪያዎቹን ተከትላችሁ ቀለበቱ ዙሪያውን አንዴ እንኳ እንዳልተጠማዘዘ አረጋግጡ። አንድ ማሰሪያ ላይ ላይኛው ክር የነበረው ሌላው ላይ ታች ከሆነ ዘለላው ተገልብጧል ማለት ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና አጥልቁት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ክሩ ሳይረግብ ሳይወጠር፣ በጣት ሲነኩት ትንሽ ወደ ውስጥ የሚል ያህል ሲሆን ብሎኑን አጥብቁ። ከዚህ በላይ መወጠር ክሩን እርስ በርስ ያጣብቀዋል።

አሁን ማሰሪያዎቹን ቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ማሰሪያ ላይ ሁለቱ የክሩ ጫፎች ተቋጥረው ታገኛላችሁ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ቁረጡት። ሁለት ጫፍ በእጃችሁ ሲገባ ከላይ በነፃነት የሚመጣውን ምረጡ። የመረጣችሁት ከሌሎች ክሮች ሥር እየተሹለከለከ ከመጣ አትታገሉት። ሌላኛውን ጫፍ ሞክሩ።

ሳቆም ክሩ ይላላና ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ማዞሪያዬ ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ስለሚዞር ነው። የማጠንጠኛውን እጀታ ድንገት ስታቆሙ ማዞሪያው አብሯችሁ አያቆምም። ሁለት ዙር በራሱ ቢሄድ 3 ሜትር ክር ላልቶ ይንጠለጠላል። ያ ክር ወደ ታች ይወርድና ዘንጉ ሥር ይጠመጠማል፣ ስትስቡት ይቋጠራል።

ለዚህ ነው ገበያ ላይ «ባለ ኩሽኔታ፣ እጅግ ፈጣን» የሚለውን ማስታወቂያ ብዙ የማላምነው። ቤት ውስጥ የሚፈለገው ፍጥነት አይደለም፤ በትንሽ ጉልበት ተነስቶ፣ መሳቡ ሲቆም ቶሎ የሚያቆም ነው። የእንጨት ዘንግ በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ሲዞር የሚፈጥረው መጠነኛ ሰበቃ ለዚህ በቂ ነው። ኩሽኔታ የሚጠቅመው በተለይ ክንዱ ለሚከብድ ጠፍጣፋ ማዞሪያና በቀላሉ ለሚበጠስ ስስ ክር ነው። ያ ሲሆን ደግሞ እጃችሁ መልመድ አለበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማቆማችሁ በፊት ፍጥነቱን ቀንሱ። በባዶ እጃችሁ ክሩን መሃል ላይ በሁለት ጣት አቅልላችሁ ያዙት፤ መላላቱ ከመታየቱ በፊት ጣታችሁ ይነግራችኋል። እንደዛም ሆኖ ካስቸገረ የሚዞረው ክፍል ከሚያርፍበት ሥር መሃሉ የተበሳ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ክብ ቆርጣችሁ አስገቡ። እንደ ፍሬን ያገለግላል።

ማጠንጠኛና ማዞሪያውን በምን ያህል ርቀት ላስቀምጥ?

ከ60 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሲቀራረቡ ክሩ በሹል ማዕዘን ይመጣል፣ እያንዳንዱ መንገጫገጭም በቀጥታ ይደርሳል። ከፍታቸው ደግሞ ይመጣጠን። ክሩ ከዘለላው ወደ ማጠንጠኛው አግድም ካልመጣ፣ ከላይ ወይም ከታች እየተሳበ ዘለላውን ከክንፉ ያወጣዋል። ጠረጴዛው ረጅም ካልሆነ ሁለቱን በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ማሰር ይቻላል።

ማዞሪያ ብቻ ገዝቼ ማጠንጠኛውን ብተወውስ?

በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ካለ ማዞሪያውን አስቀድሙ። ልቃቂት በእጅ መጠቅለል ማንም ይችላል፤ ዘለላ ያለ ማዞሪያ መፍታት ነው ከባዱ። በእጅ ስትጠቀልሉ ሁለት ሦስት ጣታችሁን ከክሩ ጋር አብራችሁ ጠቅልሉና ጣታችሁን እያወጣችሁ አቅጣጫ ቀይሩ። እንዲህ ልቃቂቱ አይጠብቅም።

ከማዞሪያው ላይ በቀጥታ እየሳብኩ ብሠራስ?

ይቻላል፣ ግን አያስደስትም። በየጥቂት ሰከንዱ ክሩ ያዝ ያደርጋል፣ የጥልፋችሁ እኩልነት ይበላሻል። እናንተም ከጠረጴዛው አትነሱም።

ሞሄርና ሐር ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሞሄር ፀጉሩ እርስ በርስ ይያያዛል። ስትስቡት ሲይዝ በጉልበት አትሂዱ፤ ማዞሪያውን አቁማችሁ፣ ወደ ኋላ ትንሽ መልሳችሁ፣ የተያያዘውን በጣት ለዩት። እጀታውን በዝግታ ዘውሩ። ወጥራችሁ አትክፈቱት፤ ሞሄር ላይ ከመጠበቅ ትንሽ መላላት ይሻላል።

ሐር ደግሞ ተቃራኒው ነው። አይያያዝም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሌላው ክር ጠበቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ዙሮቹ ከክንፉ ላይ ይወርዳሉ። ሐር ተጠንጥኖም ከጎኑ እየተናደ ያስቸግራል፤ በአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ብታለብሱት አይበተንም።

እቤት መሥራት ይቻላል?

ጠፍጣፋውን፣ አዎ። ለእጅ ሥራ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስፈልገው ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፣ አራት ችካል የሚሆን ክብ ዘንግ፣ አንድ ረጅም ብሎን ከነዳዶው፣ ከበድ ያለ መቀመጫ ነው። ቁልፉ ስሌቱ ላይ ነው።

አራቱ ችካሎች ካሬ ይሠራሉ። ዙሪያው 180 ሳንቲሜትር ለሆነ ዘለላ አንዱ ጎን 45 ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ችካል ከመሃሉ 32 ሳንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ለ140 ደግሞ 25 ገደማ። ጣውላው እንግዲህ ቢያንስ 70 ሳንቲሜትር ይሁን። ቀዳዳዎቹን በየ2.5 ሳንቲሜትሩ ብትበሱ፣ አራቱንም ችካል አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ ስታወጡ ዙሪያው በ14 ሳንቲሜትር ያህል ይጨምራል። ይኼ ሰፊ ደረጃ ነው። ግን አንዱን ችካል ብቻ ብታወጡ 3.5 ያህል ብቻ ይጨምራል። ቅርጹ ትንሽ ይዛባል፤ ክሩ ግን ግድ የለውም። የተገዛ ጠፍጣፋ ማዞሪያ ያላቸውም ይህን ቢያውቁ «አልገጠመልኝም» ብለው አይመልሱትም ነበር።

ችካሎቹ ጫፋቸው ክብ ተደርጎ ይላግ፣ ወደ ውጭ ደግሞ እጅግ ትንሽ ቢያዘነብሉ ዘለላው ወደ ላይ አይወጣም። ጃንጥላውን ግን እቤት ለመሥራት አትሞክሩ። የክንፎቹ ርዝመት በትንሹ ቢለያይ እንኳ ሲከፈት ይጠማዘዛል።

ያገለገለ ብገዛስ?

ግዙ። ማዞሪያ በቀላሉ የማያረጅ ዕቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከበኞች በረጅሙ ጉዟቸው ከአጥንትና ከጥርስ እየቀረጹ ለቤተሰባቸው ማዞሪያ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም በሙዚየም የሚታዩ አሉ። ከእንጨት የተሠራ አሮጌ ጃንጥላ ስታገኙ ክንፎቹን ቁጠሩ፣ የጎደለ ካለ ዘለላው እዚያ ጋ ይጎብጣል። የሞርሳውን ጥርስ እዩ፤ ከተበላ መተካት አስቸጋሪ ነው። የተበጠሰ ማሰሪያ ክር ግን አያስፈራችሁ።

ራሴ የፈተልኩትን ክርስ?

ታጥቦ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ አታጠንጥኑት። እርጥብ ክር ማዞሪያ ላይ ተወጥሮ ከደረቀ ተለጥጦ ይቀራል፣ የእንጨቱንም ዘንግ ያበላሻል። የፈተላችሁትን የምትጠቀልሉበት መሣሪያ ሁልጊዜ አንድ መጠን ያለው ዘለላ ስለሚያወጣ፣ ማዞሪያውን በዚያው ልክ አንዴ ምልክት ብታደርጉበት በየጊዜው መለካት ይቀራል።

የተጠነጠነው ክር ጠንካራ ሆነብኝ። ይጎዳል?

ተጭናችሁ እየሳባችሁ ስላጠነጠናችሁ ነው። ክሩ ተለጥጦ ልቃቂቱ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ከሠራችሁ ሹራቡ ሲታጠብ ክሩ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ሹራቡም አብሮ ያጥራል። ማዞሪያው ከብዶ የሚዞር ከሆነ መንስኤው እሱ ነው፤ ዘንጉን ጠርጋችሁ ትንሽ ሰም ቀቡት። የተጠነጠነውን ደግሞ ወስዳችሁ በማጠንጠኛው ላይ እንደገና አጠንጥኑት፣ በዚህ ጊዜ ዘለላ ስለሌለ ክሩ ላልቶ ይመጣል። ጥሩ ልቃቂት በጣት ስትጫኑት ገባ ብሎ ይመለሳል።

ዘለላዬ 200 ግራም ነው፣ ማጠንጠኛው ሞላ። ምን ላድርግ?

ለቤት የሚሸጡ ትናንሽ ማጠንጠኛዎች ብዙውን ጊዜ 100 ግራም አካባቢ ነው የሚይዙት። ከዚያ በላይ ሲሆን ክሩ ከጠርዙ እያመለጠ ከሥሩ ያሉት ጥርሶች ውስጥ ይገባል። ሲሞላ አቁሙ፣ ክሩን ቁረጡ፣ ልቃቂቱን አውጥታችሁ የቀረውን በሌላ ጠቅልሉ። ዘለላው ማዞሪያው ላይ እንዳለ መቆየት ይችላል። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ ግን የቀረውን በእጅ መጠቅለል፣ ወይም ትልቅ ማጠንጠኛ ካለው ሰው መዋስ ነው ያለው አማራጭ። ማዞሪያውን ለውጡ የሚላችሁ ካለ አትስሙ፤ እሱ ምንም አላጠፋም።